አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ

ደግሞ ያችኑ ጩኸት አነሷት፣ ሌላ ወሬ የጠፋ ይመስል፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ከሱቁ ወጥቶ የኔ በር ላይ ቆሟል፣ ወንበሩ ላይ ግማሽ ራሱ የተቆረጠ ደንበኛ ጥሎ፣ የሒሳብ አስተማሪው ደግሞ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በቀጥታ ወደዚህ፣ ጠመኔው ከእጁ ሳይለቅ የጠረጴዛዬን ጥግ ተደግፏል፣ እና እኔ በመሐላቸው ሬዲዮ እጠግናለሁ። እጠግናለሁ ማለት፣ የጠገንኩትን ሬዲዮ ከፍቼ አየዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ተሠርቶ አልቋል፣ አንዲት ሽቦ ተበጥሳ ነበር፣ በየድኳት፣ በቃ። ክዳኑን ከገጠምኩት ግን ጋሼ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ብድግ አድርጎት ይሄዳል፣ ክፍት ከሆነ ይቀመጣል፣ ቁጭ በል አንድ ነገር ቀርቶኛል እለዋለሁ፣ እውነትም አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ሃያ ሁለት ዓመት የቀረ ነገር።

ነጎድጓድን የሚያክል የሮክ ዘፋኝ አልተወለደም ይላል ፀጉር አስተካካዩ፣ ሌሎቹ ማይክ ይዘው ይንጫጫሉ እንጂ አይዘፍኑም፣ ያንተ ዝገቱማ ጭራሽ ዘፋኝም አይደለም፣ ዘይት የራቀው በር ነው፣ አስተማሪው አይቆጣም፣ እሱ ሲከራከርም ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ነው የሚመስለው፣ አንደኛ፣ ኃይልና ጩኸት አንድ አይደሉም፣ ሁለተኛ፣ ዝገቱ በዚያ ሻካራ ድምፁ አንዲት ቃል ሲያንሾካሹክ አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይውጣል፣ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ የለም በቃ አቦ ይለዋል ፀጉር አስተካካዩ፣ ሦስተኛህን ለተማሪዎችህ፣ ያችን ጩኸት ብቻ መልስልኝ፣ የሜዳውን ኮንሰርት፣ የመጨረሻው ዘፈን መግቢያ ላይ፣ እሷን የምታህል ካለችህ ዛሬውኑ ፀጉሬን እላጫለሁ። ፀጉር እንኳ የለውም። አስተማሪው እዚህች ላይ ሁልጊዜ ይረታል፣ ሐቀኛ ሰው ነው፣ ለክቻታለሁ ይላል፣ ሦስት ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ፣ ትንፋሽ ሳይቆረጥ፣ መጨረሻዋ ላይ ደግሞ እንደ መውረድ ስትል ትወጣለች፣ እሷን አልክድም።

የነጎድጓድ ስም የቆመው በእሷ ነው፣ ሌላ ዘፈኑን የማያውቅ ሰው እንኳ እሷን ያውቃል፣ በካሴት፣ በሲዲ፣ አሁን ደግሞ በየስልኩ፣ አንተስ ይለኛል ፀጉር አስተካካዩ፣ አንተ እኮ የባንዱ የድምፅ ባለሙያ ነበርክ፣ በጆሮህ የሰማህ ሰው፣ እስቲ ፍረድ፣ እኔ ሬዲዮ ነው የምጠግነው እላለሁ፣ ይሄ ሰውዬ አፉን ተበይዷል እንዴ ይላል፣ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ።

የነጎድጓድ አይደለችም። የጋሼ ናት።

ለራስ መናገር ቀላል ነው፣ የጋሼ ናት፣ የታላቅ ወንድሜ፣ ከኋላ ቆሞ የሚቀበለው፣ መብራት ፊቱ የማይደርሰው ተቀባይ፣ የኮንሰርቱ ቀን ጠዋት ዕቃ ስናወርድ እንኳ ምን አለኝ፣ ማሙሽ፣ አሥር ዓመት ዘፈንኩ፣ እስካሁን አንድ ሰው ለብቻዬ ሰምቶኝ አያውቅም፣ አለና ስፒከሩን ተሸክሞ ሄደ፣ ቀልድ ይሁን ምሬት አልለየሁትም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ፕላስተር እየለጠፍኩ። የሥራችን ወግ ነው፣ ከሁሉ በፊት በሚክሰሩ፣ የየማይኩ ድምፅ ከፍና ዝቅ በሚደረግበት ሰሌዳ፣ ግርጌ ረጅም ነጭ ፕላስተር ትለጥፋለህ፣ በየቁጥሩ ሥር ማን እንደሆነ ትጽፋለህ፣ አንድ ከበሮ፣ ሁለት ጊታር፣ ሦስት ነጎድጓድ፣ አራት ተቀባይ። ተቀባይ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ የእናቴን ልጅ። ከዚያ በኋላ ሰውን አታይም፣ የምታየው ፕላስተሩን ነው።

ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ዝናብ ጣለ። ገመዱን ሁሉ ነቅለን ሸራ ሥር አገባን፣ ሲያባራ በጥድፊያ መልሼ ሰካሁ፣ ሕዝቡ ያፏጫል፣ እጄ ርጥብ ነው፣ የሦስትን አራት ላይ፣ የአራትን ሦስት ላይ፣ ሌላ ምስጢር የለውም፣ ይኸው ነው። ዘፈኑ የሚጀምረው በጩኸቷ ነው፣ ሁለቱም አብረው ይጮኻሉ፣ ጋሼ ከሥር ሊደግፍ፣ የኔ ሥራ ሦስትን እስከ ጥግ ገፍቶ አራትን መቅበር፣ ገፋሁ፣ ቀበርኩ፣ ዓይኔ ነጎድጓድ ላይ ነው፣ አፉ ተከፍቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ከስፒከሩ የሚወጣው ግን የቤታችን ድምፅ ነው፣ ልጅ ሆነን ከመንገድ ማዶ ና እራት ቀረበ ብሎ የሚጠራኝ ድምፅ፣ ሜዳውን ሞልቶ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው እንኳ ቀና ብሎ። ወዲያው ነው ያወቅኩት። በመጀመሪያዋ ሰከንድ። ጣቴ ግን ደረቀ፣ ደንግጬ ነው፣ ሁልጊዜ ለራሴ እንደምለው፣ ደንግጬ፣ ጩኸቷ ስታልቅ ነው ጣቴ የተንቀሳቀሰው፣ ሦስትን አወረድኩ፣ አራትን አወጣሁ፣ ነጎድጓድ ግጥሙን ጀመረ፣ ማንም ምንም አላየም። ካሴቱ ግን ከሚክሰሩ ላይ ነበር የሚቀዳው።

ነጎድጓድ አውቋል፣ ሰው የራሱን ድምፅ አይስተውም፣ ከመድረክ ወርዶ አየኝ፣ ረጅም አስተያየት፣ ምንም አላለም፣ ካሴቱ በወጣ በሳምንቱ አገር ምድሩ እሷን ሲል ደግሞ ጭራሽ ምንም ሊል አልቻለም፣ ያን ዘፈን ግን ሁለተኛ መድረክ ላይ አልዘፈነውም፣ ጉሮሮዬን እቆጥባለሁ ይላል ጋዜጠኛ ሲጠይቀው። በወሩ ጋሼን ጠሩት፣ ድምፅህ ከእኛ ጋር አይገጥምም አሉት። አይገጥምም። እኔ ደግሞ እዚያው ሚክሰር ላይ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ፣ አዎ፣ ሁለት ዓመት፣ ከወንድሜ ወንበሬን መረጥኩ፣ ሌላ ስም የለውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ የኔ ነቅዟል።

ጋሼ አውቶቡስ መናኸሪያ ገባ፣ መነሻ ሰዓት የሚጠራ ሠራተኛ፣ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ሊነሳ ነው፣ ያልተሳፈራችሁ ተሳፈሩ፣ ሃያ ዓመት እንዲህ ሲል ኖረ፣ ማይኩ ሲበላሽ ያለ ማይክ፣ አንድም መንገደኛ አልሰማሁም ብሎ አውቶቡስ አምልጦት አያውቅም አሉ። ከዚያ ጉሮሮው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው፣ ከዚያ አቧራ ነው፣ ከዚያ ሐኪሙ አስቀምጦ ነገረን፣ ማንቁርቱ ይወጣል፣ በአንገቱ በኩል ይተነፍሳል፣ ይድናል፣ መናገር ግን። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። ሬዲዮውን የፈለገው ለዚያ ነው፣ ተኝቼ ቢያንስ የሰው ድምፅ ልስማ አለ።

ስለዚህ ዛሬ ነው። ከነገ በኋላ ብነግረው ሊሰድበኝ እንኳ አይችልም፣ መልስ የማይሰጥን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ሌብነት ነው። እንዴት ነው የሚጀመረው፣ ጋሼ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አይ፣ ጋሼ ታስታውሳለህ ያን ዝናብ፣ አይ፣ ኧረ በናትህ ዝም ብለህ ጀምር፣ ድሮ ሲገርፈኝ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ ፀጉር አስተካካዩ መንገድ ለቀቀለት፣ ደህና ዋሉ ጋሼ፣ በደህና ጊዜ መጡ፣ እርስዎ ይፍረዱን፣ ነጎድጓድ ወይስ ዝገቱ። እኔ ወደ ሬዲዮው አቀረቅራለሁ። እነሱ እሱን የሚያውቁት በመናኸሪያው ነው፣ መድረክ ላይ ቆሞ እንደሚያውቅ እንኳ አልሰሙም። ጋሼ ያስባል፣ በእውነት ያስባል፣ ከዚያ በዚያች በቀረችው ድምፁ፣ ወረቀት ሲፋቅ የምትመስል፣ ዝገቱ ይበልጣል አለ። አስተማሪው ጠረጴዛዬን መታው፣ ብሎኖቼ ተበተኑ። ያች ጩኸት ግን፣ አለ ጋሼ፣ ያች ጩኸትስ ጥሩ ናት። እና ወደ እኔ አየ።

ሳቀ እንዴ፣ ሳቀ ልበል።

ከፀጉር ቤቱ ያ ግማሽ ራሱ የተቆረጠው ሰውዬ ኧረ እኔስ ብሎ ጮኸ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሮጠ፣ አስተማሪው እያፏጨ ተከተለው፣ ድሉን ለማብሰር፣ እኛ ብቻ ቀረን፣ ሁለት ሰዎችና አንድ የተከፈተ ሬዲዮ። ቁጭ በል ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ተቀመጠ። ምን ቀረህ። ጋሼ፣ ያች ጩኸት፣ አልኩ፣ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ራሴ ተመልጧል፣ እና እንደ ሕፃን በሬዲዮው ሽቦ እጫወታለሁ።

አውቃለሁ ማሙሽ፣ አለ። እዚያው መድረክ ላይ ነው ያወቅኩት። ድምፄ ከሜዳው ማዶ ተመልሶ መጣልኝ እኮ። ተነፈሰ፣ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ መተንፈስ አለበት። ባነሳው አንተን ያባርሩሃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጠዋት ማንም አልሰማኝም ብልህ፣ ማታውን አሰማኸኝ። እንጀራህን አስይዘህ ለእኔ ስትል። አሁንም ተነፈሰ። መናኸሪያ ቆሜ ስጣራ፣ ሲሰለቸኝ፣ አንድ ወንድም አለኝ፣ አንድ ጊዜ ሆን ብሎ እስከ ጥግ የገፋኝ፣ እል ነበር። ነገ እዚያ ስገባም እሷን ነው የምይዘው።

ሆን ብሎ።

ዝናቡ አፌ ላይ ነው፣ ርጥብ እጄ፣ የሦስት ገመድ አራት ላይ፣ የአራት ሦስት ላይ፣ ጋሼ ሆን ብዬ አይደለም፣ ስህተት ነው፣ እጄ ነው የተሳሳተው፣ ልበል፣ አሁኑኑ ልበል፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ፣ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት አደረ፣ ምን ጠራ፣ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ስህተት ናት፣ እሺ፣ እሷ ስህተት ናት፣ በእሷ ውስጥ ግን አወቅኩ፣ ጣቴ ሦስት ቁጥር ላይ ነበር፣ አንድ ጣት ማውረድ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ከበሮ በሳተ ቁጥር ዓይን ሳይርገበገብ የማርመው እኔ፣ ደንግጬ ነው፣ የምን ድንጋጤ፣ አሥራ ስምንት ሰከንድ ይደነገጣል እንዴ፣ ፀጉሬ ቆሞ ነበር፣ እንባዬ መጥቶ ነበር፣ እንዳታልቅ እያልኩ ነበር፣ ወንድሜ ነው እኮ፣ አትለቅ ጋሼ፣ ትንሽ ያዛት፣ ትንሽ።

አዎ ጋሼ፣ አልኩት። ሆን ብዬ ነው።

ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ ብቻ ውሸት ናት፣ የሒሳብ አስተማሪው ያስላት።

ራሴን ዳበሰኝ፣ መላጣዬን። የተበተኑትን ብሎኖች ለቀምኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ምልክት አድርግበት አለ፣ ሆስፒታል ዕቃ ይቀያየራል፣ ስም ጻፍበት። ነጭ ፕላስተር ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ በእስክሪብቶዬ በትልቁ ጻፍኩ፣ ነጎድጓድ። አነበበው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ሳቁ ድምፅ አልነበረውም፣ ግን ሳቅ ነበር፣ ለረጅም ጊዜ።

ሬዲዮውን ታቅፎ ወጣ፣ በፀጉር ቤቱ በር ሲያልፍ ፕላስተሩን አዩት፣ ኧረ ጋሼ፣ ይጮኻል ፀጉር አስተካካዩ፣ አሁን ዝገቱ ይበልጣል ብለው አልነበረም እንዴ፣ አየህ አስተማሪ፣ የኛ ደጋፊ ናቸው፣ ልባቸው ከነጎድጓድ ጋር ነው፣ ጋሼ ሳይዞር እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ እስከ ጥግ፣ እና እጁ እንደተነሳ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።