የሱዓድ አራት መቶ ሰከንድ

ሙዓዝ ራዲያተሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ደሴ፣ ሸዋ በር ላይ ከሚኒባስ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ራዲያተሩ ደጋን ከተማ ከቆመ አሮጌ አይሱዙ የተፈታ ነው። ጓደኛው ዘካሪያ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከኋላው ይከተላል። ሁለቱም ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ የሚሠሩ ናቸው። የሀረጎን ዳገት የወጡት ዘመድ ለመጠየቅ ሳይሆን የደሴን ብርድ ፍለጋ ነው፤ ፕሮሰሰር ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሲጋለብ ይግላል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ሞቃት ነው፣ አየሩም አያግዝም።

ሱዓድ ከደሳለው የኮምፒውተር ጥገና ቤት በር ላይ ቆማ ስታያቸው ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ኮምፒውተር የማስፈጠን ፉክክሩ ሦስት ዓመቱ ነው። በፕሮሰሰር ዓይነት ደሴዎች ኢንቴል፣ ኮምቦልቻዎች ኤኤምዲ ብለው ተከፍለዋል። ለምን ብትሏቸው እስኪመሽ የሚያወሩት አያጡም፤ እውነቱ ግን ደሴዎች መጀመሪያ እጃቸው የገባው ኢንቴል ስለሆነ ነው፣ ኮምቦልቻዎች ደግሞ ደሴዎች ኢንቴል ስላሉ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ አንድ ከባድ ስሌት አለ፣ ባነሰ ሰከንድ የጨረሰ ያሸንፋል። ክብረ ወሰኑ የሱዓድ ነው፤ አራት መቶ ሰከንድ። ደሳለው ከስሟ ጋር በትልቁ አሳትሞ በሩ ላይ ለጥፎላታል። ከመሃላቸው ሴት እሷ ብቻ ናት። የመጀመሪያ ቀን «እህት፣ የሚተየብ ደብዳቤ አለሽ?» ያሏት ወንዶች ዛሬ እሷን ሳያማክሩ ብሎን አይፈቱም።

ችግሩ፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም።

ይህንን ያወቀችው ሐሙስ ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ኮምፒውተሯን በክብረ ወሰኑ ቀን እንዳደረገችው አድርጋ ከፍታ ስትሠራ ቆየች። የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ቀና ብላ የስክሪኑን ሰዓት አየች፤ ዘጠኝ ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል። ሙአዚኑ ቸኩሎ ይሆን ብላ ስልኳን አወጣች። ስልኩም ከሙአዚኑ ጋር ነው። ያኔ ገባት። ፍጥነቱን የጨመረችው ኮምፒውተሩን አጥፍታ ሳታስነሳ፣ እየሠራ ሳለ ነበር፤ እንዲያ ስታደርገው የውስጥ ሰዓቱ ተንቀርፍፏል። ሰከንዱን የቆጠረላት ያው የተንቀረፈፈው ሰዓት ነው። ስሌቱን በስልኳ ይዛ ደግማ ለካችው። አራት መቶ ሃያ።

ሐሙስ አልተናገረችም። አርብም፣ ቅዳሜም እንደዚያው። «ሙዓዝ እዚያ አይደርስም፤ ውድድሩ ሲያልቅ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» ብላ ራሷን ደለለች። ሰው ራሱን ለመደለል መቼም አይሰንፍም።

እሁድ ረፋድ ላይ መስኮቱ ተከፈተ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ገባ። ሙዓዝ ከፕሮሰሰሩ ጋር በውሃ ቱቦ ያገናኘውን ራዲያተር በረዶ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነከረና ስሌቱን አስጀመረ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«አራት መቶ አሥራ ስድስት!» አለ ደሳለው እየሳቀ። «የኛን ልጅ ለመድረስ ገና ብዙ ሽሮ ትበላለህ!»

ሱዓድ አልሳቀችም። የሙዓዝ ኮምፒውተር ሰዓት ከስልኳ እኩል ነው የሚሄደው፤ በመጀመሪያው ሙከራ አሸንፏታል፤ በቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከእሷ በቀር የለም። አፏን ከፈተች፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ስሟን አየችና መልሳ ዘጋችው።

ሙዓዝ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና ቮልት ጨመረ። አራት መቶ ዘጠኝ። ሙቀቱ ሰማንያ ስምንት ዲግሪ ደረሰ። አሁንም ጨመረ። አራት መቶ ሁለት፤ ሙቀቱ ዘጠና አምስት። የባልዲው በረዶ ቀልጦ አልቋል። ይህን ፕሮሰሰር ለመግዛት ሁለት ዓመት አጠራቅሟል። ከፋብሪካ ሲወጣ የጨርቅ ንድፍ መሳል የሚማረው በእሱ ነው፤ ከማሽኑ ጩኸት አውጥቶ ንድፍ ክፍል የሚያስገባኝ እሱ ነው ብሎ ያምናል። ሌላ ኮምፒውተር የለውም።

«ሙዓዝ፣ ይበቃሃል። ይቃጠልብሃል» አለችው።

«አብሽሪ» አላት ፈገግ ብሎ። «አንቺ አራት መቶ የገባሽው ፈርተሽ ነው?»

ጣቱ እንደገና ወደ ቮልቱ ሄደ። ይህን ያህል ቮልት የየትኛውም ኩባንያ ስም የተጻፈበት ፕሮሰሰር አይችለውም፤ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። እሱ ግን አንዲት ሴት ልጅ የደረሰችበትን ቁጥር እያሳደደ ነው።

«ተው!» ብላ ጮኸች። «ቁጥሬ ልክ አይደለም!»

ከዚያ ዘካሪያ ሳቁን ለቀቀው።

«አሁን? ሁለት ሰከንድ ሲቀረው? ልትሸነፍ ስትል ቁጥሬ ልክ አይደለም አለች!»

«ወላሂ እውነቴን ነው። ሰዓቱ ይዘገያል። ሰባት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ፣ በስልክ ይዘን እንለካው።»

«ምን ነካሽ ሱዓድ?» አለ ደሳለው በንዴት። «ለሱ አዝነሽ ነው? አታሳፍሪን እንጂ!»

ሙዓዝ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ቅሬታ ነበር። «ከሌላው ብጠብቅ ካንቺ አልጠብቅም ነበር» አላት። «በአላህ ስም እየማልሽ ሰው አታስቁሚ። ልጨርስና እንለካለን።»

ስሌቱን አስጀመረ።

ሱዓድ ዘልላ ወደ ሶኬቱ ሄደች። ዘካሪያ ክንዷን ያዛት። «ነውር ነው!» አላት፤ እውነቱን ነው፣ በማንም ውድድር ላይ የሰው ሶኬት መንቀል ነውር ነው። ስክሪኑ ላይ መቶ፣ ሁለት መቶ እያለ ቆጠረ። ሙቀቱ መቶ አለፈ። ሙዓዝ በካርቶን ቁራጭ ያራግባል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሦስት መቶ። ሦስት መቶ ሃያ።

ስክሪኑ ጠፋ።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሙዓዝ ማብሪያውን ተጫነ። ጠበቀ። ደግሞ ተጫነ። ከዚያ ዘካሪያ ማራገቢያውን፣ ደሳለው ገመዱን፣ ሁሉም የሚነካውን ነካ። አልነሳ አለ።

ሙዓዝ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ጥግ ላይ ወደተቀመጠው የሱዓድ ኮምፒውተር ሄዶ ወንበሩን ሳበላት።

«እንደዚያን ቀን አድርጊውና አስጀምሪው።»

አስጀመረችው። ሙዓዝ በስልኩ ሰዓት ያዘ። ስሌቱ ሲያልቅ ስክሪኑ አራት መቶ አለ። ሙዓዝ ስልኩን ለሁሉም አዙሮ አሳየ፤ አራት መቶ ሃያ ይላል።

«እና የመጀመሪያው አራት መቶ አሥራ ስድስቴ…» አለ።

«አልፈኸኝ ነበር» አለች። እንባዋ መጣ።

«ኧረ አሸንፈናል!» አለ ዘካሪያ።

ሙዓዝ አላየውም። እሷን ነው የሚያየው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

አሁን ነው ማለት ትችል ነበር። ደሳለውም እንደዚያ እንድትል በዓይኑ ለመናት።

«ሐሙስ» አለች።

ሙዓዝ ጎንበስ ብሎ ራዲያተሩን ከባልዲው አወጣ። ውሃው በሱሪው ላይ ወረደ።

«ዛሬ እኮ እሁድ ነው፣ ሱዓድ» አላት።