ሽንኩርት ሊገዛ የወጣው የጦር መኪና

ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ፣ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ባለቤት ለሌላቸው ውሾችም ጭምር፣ በዚያ ጠዋት በይፋ የተገለጸው ይህ ነበር፤ እነ ጄኔራል ቤት ሽንኩርት አልቋል።

መግለጫውን የሰጠችው የጄኔራሉ ሚስት፣ ጡረተኛዋ የስልክ ኦፕሬተር ናት። ዕድሜዋን ሙሉ «ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» ስትል በኖረችበት በዚያ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ግቢው በር ላይ ቆማ፣ «ሽንኩርት አልቆብን ገበያ ልንወጣ ነው። አሁን ነው የምንወጣው። እኔና አባቷ ነን» አለች። ለማን እንደምትናገር ለይታ አላየችም። ብቻ መንገዱ መሰናዳት ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ በረንዳ ላይ ያወጣውን ወንበር ከነደንበኛው ወደ ውስጥ ጎተተ። ደንበኛው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ያለ አንዳች ቅሬታ ተጎተተ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ እግሯ አብጦ ከደጃፏ የማትርቀው ማለት ነው፣ በርጩማዋን አንስታ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ያ ሞተር ሲነሳ የልብስ ሰፊው መቀስ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይራመዳል። አረንጓዴ፣ ስድስት ጎማ፣ ሸራ የለበሰ፣ ከኋላው ግራና ቀኝ የወታደር አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት የጦር መኪና ነው። ሠራዊቱ አርጅቶብኛል ብሎ በጨረታ ሲሸጠው ጡረተኛው የዳቦ ፋብሪካ ሹፌር ገዛው፤ ሰፈሩም በዚያው ሳምንት «ጄኔራል» ብሎ ሾመው። ጄኔራሉ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። በዕድሜው የተኮሰው ነገር ቢኖር ሸሚዙን ነው።

ሽንኩርት ለመግዛት ይህን የሚያህል ብረት ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ሁሉ መልሱ ዝግጁ ነበር። «ከላይ ሆነህ ሩቅ ታያለህ» ይላል።

እንደ እውነቱ ከሆነ ሩቁም ቅርቡም አይታየውም ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ነገሩን የተናገረው እሱ፣ ኦፕሬተሯና ነርስ የሆነችው ልጃቸው ባሉበት ነው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም አይቆይም፣ መኪና መንዳት ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብዎት አለ። ጄኔራሉ በትሕትና አመስግኖ ወጣና ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ የሰው መኪና በር ሲታገል ተገኘ። ኦፕሬተሯ ክንዱን ሳትነካ፣ «የኛዋ እዚህ ጋ ናት፣ ጥላ ፈልጌ አዛወርኳት» አለች። መኪና መንዳት አትችልም። እሱም አለመቻሏን ያውቃል። «ደግ አደረግሽ» አላት። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ያኔ የነበረቻቸው ትንሽ ነጭ መኪና ነበረች። ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር መጥቶ ገጫት፤ ቀጥሎ የመብራት ምሰሶ። ጄኔራሉ ዳሰሳትና፣ «ትንሽ መኪና ሰው አያከብራትም» ብሎ ሸጣት። ይሄኛውን ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሌቱም አልተሳሳተም። ለትንሿ የማይለቅ ሁሉ ለዚህኛው ይለቃል። ያልሰማ እንኳ በእግሩ ሥር መሬቱ ሲርድ ይነቃል።

«የዘንድሮ ሰው ጨዋ ሆኗል» ይላል መሪውን እየጠመዘዘ። «መንገድ መልቀቅ ተምሯል።»

«ተምሯል» ትላለች ኦፕሬተሯ።

አነዳዳቸው ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። እሷ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ ታወራለች። «ቁም» አትልም፤ «ወደ ግራ» አትልም። ስንት ዘመን መሪ የጨበጠ ሰው እንዲህ አይባልም። ሐሜት ነው የምታወራው። «የግንቡን አጥር ደግሞ ምን ዓይነት ቀለም ነው የቀቡት፣ እዚህ በኔ በኩል» ስትል እሱ ትንሽ ወደ ራሱ በኩል ይስባል። «ያቺ ሴትዮ ዛሬም ዘንቢሏን ይዛ መሃል መንገድ ላይ ከጎረቤቷ ጋር ወሬ ይዛለች» ስትል እግሩ ፍሬን ላይ ይወጣል። ድምፅዋ ሲቀጥን ቶሎ፣ ሲወፍር ቀስ ማለት ነው። በዚያ ሞተር ላይ ለመሰማት ግን መጮኽ ነበረባት፤ ስለዚህ ጉሮሮዋ ከወር ወር እየሻከረ፣ ማታ ማታ በሹክሹክታ ብቻ የምታወራ ሴት ሆነች። «ጉንፋን ነው» ይላታል። «ጉንፋን ነው» ትለዋለች።

ያ የሽንኩርት ጠዋት ሰላም ነበር፤ ገበያው መግቢያ እስኪደርሱ። እዚያ ሳል ያዛት። ሳሉ የቆየው አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያህል ጊዜ ነው፤ መነገር የነበረበት ዓረፍተ ነገር ግን ያ ነበር። ከፊት ጎማው ሥር የእንጨት መሰበር ተሰማ፣ ቀጥሎ የለሰለሰ ነገር።

«ምንድን ነው?» አለ ጄኔራሉ።

«ኮረኮንች ነው።»

ብርቱካን የሞላ የእጅ ጋሪ ነበር። ጋሪውን የሚገፋው ሰውዬ የወደቀ ብርቱካን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ኖሯል፤ ጎማው ያለፈው በጆሮው ሥር ነው ማለት ይቻላል። ቀና ብሎ ጋቢናውን አየ። ማን እንደሆነ ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሰብሰብ ብሎ ገባ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ» አለ። «ያለ ቦታው ነው ያቆምኩት።»

«ለወደፊቱ ተጠንቀቅ፣ የኔ ልጅ» አለው ጄኔራሉ ከላይ ሆኖ። ያንንም ያለው ተቆጥቶ አልነበረም።

ኦፕሬተሯ የብርቱካኑን ጭማቂ በአስፋልቱ ላይ ሲወርድ አየችው። በቀጣዩ ጊዜ ብርቱካን እንደማይሆን ገባት። ሰው ሳይሞት ልትነግረው ወሰነች። ሽንኩርቱን ገዝተው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው መጣች። ወጥ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

«እማ፣ ንገሪው።»

«አንቺ ንገሪው። ነርሷ አንቺ ነሽ።»

«ሚስቱ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ሐኪሙ ነግሮት የለ?»

«ሐኪሙማ ነገረው። ሰው ነው ያልነገረው።» ልጅቷ ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመረች፤ ለማልቀስ ምክንያት ሳያስፈልጋት አልቀረም። «እሺ፣ ቁልፉን ደብቂበት።»

«ቁልፍ የለውማ። የጦር መኪና ቁልፍ የለውም። ጠላት እየመጣ ቁልፌን የት ጣልኩት ልትዪ ነው? ቁልፍ አዙረሽ ሳይሆን አዝራር ተጭነሽ ነው የምታስነሺው።»

«ጎማውን አስተንፍሺ።»

«ሞክሬያለሁ። አንዱን ሳስተነፍስ ጎረቤት አይቶኝ ሊረዳኝ መጥቶ ነፋው።»

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሞከረች። ጄኔራሉ ዳቦውን በጣቱ እየፈለገ ነበር። ሳሕኑን በዝግታ ወደ ጣቱ ገፋችለት።

«አባቷ።»

«አቤት።»

«ያ መኪና...»

ጣቱ ቆመ። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ትንሽ አለፍ አድርጎ፣ ከትከሻዋ በላይ ወዳለው ግድግዳ። እንደዚያ ሲያያት፣ ማለትም ሳያያት፣ ሳሕኑን እንደገና ገፋችለት።

«ምን ሆነ መኪናው?»

«ዘይት ሳይጎድለው አይቀርም።»

ወጥቶ ዘይት ጨመረ። ግማሹን ሞተሩ ውስጥ፣ ግማሹን ጫማው ላይ። «ሞላ?» አላት። «ሞላ» አለችው።

ሳምንቱ ሳያልቅ የፀጉር አስተካካዩ እናት አረፉ። ሰፈሩ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተሰብስቦ ስለ ቀብሩ ሲመክር ጄኔራሉ ከኦፕሬተሯ ጋር ገባ። ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«መቃብሩ ከከተማ ውጪ ነው፤ ዳገት ነው። ሕዝቡን የማደርሰው እኔ ነኝ። ያ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ባዶውን ምን ይሠራል?»

ልብስ ሰፊው የሸሚዙን ቁልፍ መመርመር ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ኦፕሬተሯን አያት፤ እሷ ከዓይኑ ሸሽታ ወደ መስተዋቱ ብትዞር እዚያም ውስጥ ቆሞ ጠበቃት።

«እግዜር ይስጥልን ጋሼ» አለ መጨረሻ ላይ። ሁሉም ተራ በተራ፣ «እግዜር ይስጥልን፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው» አሉት። ጄኔራሉ እየተጎነበሰ እጅ ነሳ፤ አንዴ ለሰው፣ አንዴ ለኮት መስቀያው።

የቀብሩ ዕለት ዝናብ ሌሊቱን ጀምሮ አላባራም። አስከሬኑ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ቀደመ። ፀጉር አስተካካዩ ሕዝቡን ይዞ ሊከተል ቀረ። ጄኔራሉ መኪናውን ከግቢ አውጥቶ መንገዱ መሃል አቆመ። ሸራው ተወጥሯል፣ አግዳሚዎቹ ተወልውለዋል፣ የኋላው መዝጊያ፣ ስፖንዳው፣ ወርዶ ለአረጋውያን መወጣጫ የእንጨት ሣጥን ተቀምጦለታል። ጥቁር ክራቫት አድርጓል። ኦፕሬተሯ ነች ያሰረችለት።

ከኋላ የሚጫን ሰው ካለ አንድ ደንብ አለ፤ ተሳፋሪው ሲሞላ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፉ ይመታል። ያን ሳይሰማ ሹፌር አይነቃነቅም። ጄኔራሉ እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ ያን ይጠብቅ ጀመር።

«እየወጡ ነው?»

«እየወጡ ነው» አለች።

በጎን መስተዋቱ በኩል ታያቸው ነበር። ልብስ ሰፊው መጣ፣ ስፖንዳው ጋ ቆመ፣ መኪና ያዞረኛል ብሎ ለማንም ሳይሆን ተናገረና አለፈ። ሌላው ሐኪም በእግር ሂድ ብሎኛል አለ። ሌላው ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ። ብርቱካን ሻጩም መጥቶ ኖሯል፤ እሱ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ግድግዳውን ታክኮ ነው ያለፈው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሣጥኑ ላይ አንድ እግሯን አወጣች። ልትወጣ ነው ብላ ኦፕሬተሯ ወደ መስተዋቱ ተጠጋች። ሴትዮዋ እግሯን መልሳ አወረደች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ በእጇ ይዛ በዚያ ባበጠ እግር ጭቃውን እየረገጠች ሄደች።

«ቀስ ብለው ነው የሚወጡት» አለ ጄኔራሉ።

«ሐዘንተኛ ናቸው።»

«ክብደት አልተሰማኝም። ሰው ሲጫን ወንበሬ ይነግረኛል።»

«ዝናብ ነው፤ ከስተዋል» አለች። የተናገረችው ለራሷም አልገባትም። «አሁን ሞልቷል። እስከ አፉ።»

«ታዲያ ለምን አይመቱም?»

በሩን ከፍታ ወረደች። በዝናቡ ውስጥ ዞራ፣ ሣጥኑን ረግጣ፣ ስፖንዳውን ጨብጣ ወጣች። በባዶዎቹ አግዳሚዎች መሃል እየተንገዳገደች እስከ ፊት ሄደች። ሸራውን ገልጣ እጇን ሰደደችና የጋቢናውን ጣሪያ መታች። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከጄኔራሉ ጎን ያለው ወንበሯ ባዶ መሆኑ፣ ወሬ የሚያወራለት እንደሌለ ትዝ ያላት ከመታች በኋላ ነው።

ማርሽ አልገባም። ጄኔራሉ ሞተሩን አጠፋው።

ያ ሞተር ሲጠፋ የዝናቡ ድምፅና የእግር ኮቴ ብቻ ቀረ። ከፊት የነበረው ሕዝብ ጸጥታው ገርሞት ዞሮ አየ። የጋቢናው በር ተከፈተ። ጄኔራሉ ወረደ። መዳፉን መኪናው ጎን ላይ አሳርፎ፣ ብሎኑን፣ እንጨቱን፣ የሸራውን ገመድ እየዳሰሰ፣ በሕዝብ ፊት እስከ ኋላ ተጓዘ። ስፖንዳው ጋ ደረሰ። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ አግዳሚውን ዳሰሰ፤ በአንዱ በኩል እጁ እስከ ደረሰበት፣ ከዚያ በሌላው በኩል። ደረቅ ነበር። ውስጥ የቆመችው ኦፕሬተር የገለጠችውን ሸራ መልሳ ለቀቀችው።

ጄኔራሉ እጁን አወጣ። ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰና ያችኑ እጁን ወደፊት ዘረጋ። ለሰላምታ የሚዘረጋ እጅ አልነበረም፤ መዳፉ ወደ ላይ ነበር፣ ዝናቡ ይጠራቀምበታል።

መጨረሻ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ከሕዝቡ መሃል ወጥቶ መጣና ክንዱን ያዘው።

«ጋሼ» አለው። «ከፊትዎ ጉድጓድ አለ። ግራ እግርዎን ከፍ ያድርጉ።»

ጄኔራሉ ግራ እግሩን ከፍ አደረገ።