የራስጌው ገመድ

«እማ፣ መዋኘት ብተው ማን መጥቶ ይጠይቀኛል?»

ሮና ይህን ያለችው ገና ጎህ ሳይቀድ፣ መኪና ውስጥ ነበር። ትከሻዋ አብጦ እጇን ማንሳት ስላቃታት፣ እናቷ ኤፊ ጸጉሯን እያበጠረችላት ነበር። ኤፊ ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወደ መዋኛ ገንዳው ነዳች።

ከዚያ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ሮና በእናቷ ቤት እንግዳ መቀበያ ክፍል በሬሳ ሣጥን ተኝታለች። የአርብሮት ከተማ ሰው ቤቱን ሞልቶታል፤ ሻይ ይቀዳል፣ ሳንድዊች ይዞራል፣ ወንዶቹ ውስኪያቸውን ቆመው ይጠጣሉ። ወሬው ሁሉ ለስኮትላንድ ዋኝታ ስላመጣችው የብር ሜዳሊያ ነው። የትከሻዋ ጅማት ተበጥሶ ከቡድን መውጣቷ፣ ኋላም በካንሰር መታመሟ ሲነሳ ግን ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ቀብሩ ነገ ነው። ሣጥኑን ስምንት ሰዎች በስምንት ገመድ ያወርዱታል፤ ለእያንዳንዳቸውም የገመዱ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አስቀድሞ ይሰጣል። ሰባቱ ተሰጥተዋል። የቀረው ቁጥር አንድ፣ የራስጌው ገመድ፣ የቅርብ ዘመድ ነው። የሮናን አባት ገና በሕፃንነቷ ባሕር ወስዶታል። ስለዚህ ኤፊ ካርዱን በሹራቧ ኪስ ይዛ ሮና እንደ አባት ታየው የነበረውን አሰልጣኟን ጊልክሪስትን ትጠብቃለች።

ሞርቨን አየቻት። ሞርቨን ከልጅነቷ ጀምሮ ከሮና ጎን የዋኘች፣ ሁሌም በሮና የምትቀደም ልጅ ናት። «አይጨነቁ እማማ ኤፊ» አለቻት ቀስ ብላ፤ «ሳንድዊቹ ሳያልቅ ይደርሳል። በሰዓት አይታማም።»

እውነትም ደረሰ። ሣጥኑ ዘንድ ቆመና «እንደዚህ ያለ ትከሻ ዳግም አላይም» አለ።

ኤፊ ወደ ጓዳ ወስዳው ካርዱን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«ኤፊ፣ ነገ ውድድር አለን። ልጆቹ ይጠብቁኛል።»

ይህንኑ ቃል ኤፊ፣ ሮና ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ በስልክ ከእሱ ሰምታዋለች። እጅጌውን ጨብጣ ያዘች።

«እስከ መጨረሻው በር በሩን ስታይ ነበር፤ ይመጣል እያልኩ ያቆየኋት እኔ ነኝ። እባክዎ ሚስተር ጊልክሪስት፣ ልጄ ፊት ውሸታም አያድርጉኝ።»

አዝናለሁ አለ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጅጌው አላቀቀ፤ ሻዩን ሳይጨርስ ስኒውን መስኮቱ ላይ ትቶ ወጣ።

ሞርቨን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኤፊ ካርዱን ወደ እሷ ገፋችው፤ ሐኪም ቤት እየተመላለሰች የሮናን እግር ስታሽ የከረመችው ሞርቨን ነበረች።

«የኔ ሁለተኛው ነው፣ የግርጌው» አለች ሞርቨን፤ ካርዱን ወደ ኤፊ መለሰችው። «ከእሷ ጋር ስሆን መቼ አንደኛ ወጥቼ አውቃለሁ? ይሄ የእርስዎ ነው።»

በኤፊ እናት ዘመን ሴት እስከ መቃብሩ እንኳ አትሄድም ነበር። በማግስቱ ኤፊ ራስጌ ቆመች። ገመዱ መዳፏን እየላጠ ሣጥኑ ወረደ። መሬት ሲነካ ሁሉም እንደ ልማዱ የገመዳቸውን ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ጣሉ። ኤፊ አልጣለችም። እጇ ላይ ጠቅልላ ያዘችው።

ቄሱ ጠበቁ፤ ከዚያ ሄዱ። ዝናብ ሲጀምር ሌላውም ሰው ወደየመኪናው ገባ። ሞርቨን ከግርጌ ዞራ መጥታ ከኤፊ ጎን ቆመች፤ ገመዱን ይልቀቁት አላለቻትም።

በዚያ ሰዓት ጊልክሪስት ለውድድሩ ከገንዳው ዳር ነበር። ሞርቨን ግን እዚያው ከኤፊ ጋር ቀረች።