የደጃዝማቹ አልጋ

ሸዋ ሮቢት ልጅ ከተማ ናት። አሮጌ የምትለው ነገር ቢኖራት የጋሼ ወርቁ ሆቴል ብቻ ነበር፤ የጭቃ ግድግዳው፣ የአቡጀዲ ኮርኒሱ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው ኮሪደሩ። ከኮሪደሩ ጫፍ ደግሞ አንድ ደጃዝማች አደሩበት የሚባል የነሐስ አልጋ ነበር። የትኛው ደጃዝማች እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ወርቁ ግን ከአባታቸው የወረሱትን ያን አልጋ ከሥጋ ዘመድ አስበልጠው ይወዱት ነበር። ላጋንን ብዬ አይደለም።

ራሕማ የሆቴሉን አንሶላ ታጥባለች። ያን ዕለት ወባዋ ተነሳባትና፣ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ በተቀመጠበት ማንጎ ሥር፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሼ ወርቁ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ተቆጡ።

«ምሳ በሚበላ እንግዳ ፊት? ሂጂ፣ ከአልጋው ክፍል አጠገብ ያለው ክፍል ግቢና ተኚ። ብርድ ልብስም ደርቢ።»

ማንም ልብ ሳይላት ገባች።

ቆላን የማያውቅ ሰው ይህን ይወቅልኝ፤ እኛ ዘንድ በቀትር ከቆርቆሮ ሥር የሚተኛ የለም። እንግዳውም፣ አስተናጋጁም፣ ድመቷም ዛፍ ሥር ናቸው። ስለዚህ ከማዕድ ቤት የተነሳው እሳት ኮርኒሱን ሲይዘው ውስጥ ሰው አለ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። የሚያውቁት ጋሼ ወርቁ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ «አልጋዬን! አልጋዬን አውጡልኝ!» እያሉ ይጮኹ ነበር።

የባጃጅ ነጂው ሀሩንና ሦስት ጓደኞቹ ውሃ ተደፍቶባቸው ገቡ። አልጋው ኮሪደሩ ውስጥ ተሰነቀረ። ቢገፉት እምቢ፣ ቢስቡት እምቢ።

የራሕማ እህት ነኢማ መንገድ ዳር ፓፓያ ትሸጣለች። ጭሱን ስታይ ሸቀጧን በትና እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ ወርቁ፣ እህቴስ? ራሕማ የት አለች?»

አዩዋት። አይተዋት ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ መለሱ።

«በዚህ ቀትር ማን ውስጥ ይተኛል፣ ነኢማ? አንሶላ ይዛ ወንዝ ወርዳ ይሆናል።»

እኔም ብሆን አምን ነበር። ነኢማ ወደ ወንዙ በረረች።

እነሀሩን የአልጋውን አንድ እግር ሰብረው፣ በጎኑ አጋድመው በጭብጨባ አወጡት። ወዲያው ጣሪያው ተደረመሰ። የእሳት አደጋ መኪናው የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ሲደርስ የቀረው አመድ ነበር።

ነኢማ ከወንዝ ስትመለስ እህቷን ሰሌን አልብሰዋት አገኘች። ራሕማ የተገኘችው ከክፍሏ በር ሥር ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ኮሪደሩ ነበር፤ አልጋው ተሰንቅሮ የቆየውም እዚያው ላይ።

«ሲንኳኳ ሰምቼ ነበር» አለ ሀሩን፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ወላሂ፣ ቆርቆሮው ነው የሚንጣጣው ብዬ ነው።»

ነኢማ አላለቀሰችም። ሄዳ ጋሼ ወርቁ ፊት ቆመች።

«እያወቁ ነው አይደል የላኩኝ?»

ሊዋሹ ይችሉ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አለመዋሸታቸው ነው።

«አልጋው ይውጣና እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው፣ ልጄ። ያኔ ብናገር ጥለውት ወደ እሷ ይሄዱ ነበር።»

ለሰው ሞት አነሰው! ግቢ ሙሉ ሰው ሰማ። አንድ ሽማግሌ «ኢንና ሊላሂ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። 

ጋሼ ወርቁ ወደ እነሀሩን ዞሩ።

«እስቲ ይህን አልጋ ከፀሐይ አንሱልኝ።»

አራቱም ተነስተው አነሱላቸው።