ከካርኪቭ የመጣው ሐኪም

ሰው «ይሄ ፈረንጅ ምናችሁ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት ምን ልትል ነው? ፋናዬ ከአልጋዋ የወረደችው ይህን እያሰበች ነው። ድንች ስትልጥም ይህንኑ፣ የሶፋውን ዳንቴል ስታቃናም ይህንኑ። መልሱ ግን ከየት ይምጣ?

ጣጣው የመጣው ከእንግዳው አልነበረም፤ ከልጅ ልጇ ከቢታንያ ነው። ቢታንያ ሕክምና ላጥና ብላ ዩክሬን ሄደች፤ በሁለተኛው ዓመት ትታው ሙዚቃ ገባች። መዝፈን እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ኦርኬስትራና መዘምራን መምራት ነው የተማረችው። አንድ ቀን የላከችውን ቪዲዮ ፋናዬ ከፍታ ብታይ፣ ልጅቷ ቀጭን ዘንግ ይዛ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ እጇን ታወናጭፋለች። «ለዚያ ሁሉ ሰው ጀርባ! እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?» አለች ለስልኩ።

የሞተው ባሏ ግዛቸው ሰው ሲያናድደው የመጨረሻ ስድቡ «አዝማሪ» ነበር። ፋናዬም ያን ስድብ በልጅ ልጇ ላይ ሲወርድ ላለመስማት ስትል ለአሰላ ሰው አንዳች አልተነፈሰችም። ቢታንያ ዶክተር ናት፤ በቃ። ጦርነቱ ሲነሳ ወደ አገሯ ስትመለስም ዶክተር ናት። አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። የት? «ትልቅ ቦታ።»

አሁን ደግሞ መምህሯን ይዛ መጣች። ኦስታፕ ይባላል፤ ሰባውን ያለፈ፣ ጢሙ ነጭ፣ ከቁመቱ የተነሣ በሩን ዝቅ ብሎ የሚገባ ሰው ነው። አዲስ አበባ የመዘምራን መሪዎችን ሊያስተምር ለአንድ ወር ተጋብዞ ነው። ወደ አሰላ ሲመጡ ኢተያን አልፈው ስንዴውን ሲያይ መኪናውን አስቁሞ ማሳ ዳር ቆሞ ቀረ አሉ። «አገሬን መሰለኝ» አለ።

ምሳ ላይ ስለ ራሱ አወራ፤ ቢታንያ እየተረጎመች ፋናዬ ሰማች። አባቱ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ማታ ማታ አኮርዲዮን ይጫወታል። ልጁ ከዚያ ተነሥቶ ሙዚቃ ተማረ። ወጣት ሳለ፣ መንደራችሁን የግድብ ውሃ ሊውጠው ነው ተብለው ከቀያቸው የተነሡ አሮጊቶችን እየዞረ ዘፈናቸውን ለቀመ፤ ከለቀመውም ለመዘምራን ትልቅ ድርሰት ሠራ። ባለሥልጣኖቹ «ለቅሶ በዛበት» ብለው ከለከሉት፤ እሱንም የጡብ ፋብሪካ ሠራተኞችን ዘፈን እንዲያስተምር ወረወሩት። ድርሰቱ ሕዝብ ፊት የተሰማው የደራሲው ጸጉር መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ካርኪቭ ውስጥ ሰላሳ ዓመት ኦርኬስትራ መራ፤ ሙዚቃ ጻፈ፤ ተማሪ አፈራ። ጦርነቱ መጥቶ የኦርኬስትራው አዳራሽ ሲመታ የድርሰት ወረቀቱ ሁሉ ነደደ። እሱ ያን ጊዜ ከምድር በታች ባለው ባቡር ጣቢያ የተጠለለውን ሰው እያዘመረ ነበር።

«እኔም እዚያው ነበርኩ፣ እማማ» አለች ቢታንያ። «ሕፃናቱ የፍንዳታውን ድምፅ እንዳይሰሙ ጮክ አድርገን ነበር የምንዘምረው።»

ፋናዬ ሳታስበው ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እንዲህ ያለውን ሰው ለጎረቤት ለመናገር ማፈሯ ራሱ አሳፈራት። ማፈሯ ግን አልለቀቃትም።

ቢታንያ ለእንግዳው የታሸገ ውሃ ልትገዛ ሱቅ ወጣች። ወዲያው የውጭው ቆርቆሮ በር ተንኳኳና የጎረቤቷ የራቢያ ድምፅ ከራቢያ ቀድሞ ገባ።

«ፋናዬ! ዶክተሯ መጥታ ደበቅሽን?» ከኋላዋ ባሏ ጅብሪል አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ ቀስ እያለ ይከተላል። ራቢያ እንግዳውን ስታይ ቆመች። «ወላሂ፣ ጢማቸው የኛን ሼኽ አስናቀ! ማናቸው?»

«የቢታንያ አስተማሪ ናቸው። ፕሮፌሰር።»

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ውሸት አልነበረበትም።

«የሕክምናው?»

«አዎ» አለች ፋናዬ። አንዴ ከወጣ ወዲያ ምላሷን የሚይዝላት ጠፋ። «ሰላሳ ዓመት ትልቅ ሆስፒታል መርተዋል። እጃቸውን እንዲህ ሲያነሱ ሰማንያ ሰው እኩል ይነሳል።»

«በሽተኛው?»

«ሐኪሙ ነው እንጂ! ከባለሥልጣን ተጣልተው ፋብሪካ ክሊኒክ ተጥለው ነበር። በጦርነቱም ከምድር በታች ገብተው ስንቱን…»

«አከሙ?»

«አከሙ።»

ኦስታፕ የሚወራው ስለ እሱ መሆኑ ስለገባው፣ በየመሀሉ ፈገግ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ለእያንዳንዱ ውሸት ምስክር የሆነ ይመስል ነበር።

«አላህ ነው ያመጣቸው!» አለች ራቢያ። ባሏን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፎጣውን ፈታች። እንቅርቱ ብርቱካን አክሏል። ጅብሪል ሳጉሬ ገበያ ላይ እህል ሲያሻሽጥ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሰው ነበር፤ አሁን «እንኳን ደህና መጡ» ሲል እንደ ደረቅ ቅጠል አንኮሻኮሸ። ራቢያ የእንግዳውን እጅ ይዛ እብጠቱ ላይ አኖረችው። «ማሎ፣ እባክዎ ዳብሱልኝ።»

የኦስታፕ ፈገግታ ጠፋ። እጁን ግን አላነሳም። የሆነ ነገር ጠየቀ፤ ቋንቋውን የሚሰማ ግን አልነበረም። ቢታንያ ውሃውን ይዛ ስትገባ ያየችው ይህን ነው። መምህሯ ወደ እሷ ዞሮ ፈጠን ፈጠን እያለ ተናገረ።

«ድምፃቸው እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው ይላል» አለች ቢታንያ ግራ እንደገባት። «ቶሎ ሐኪም ይያቸው ይላል።»

ራቢያ ሳቀች። «ሐኪም ይያቸው? እሳቸው ታዲያ ምንድን ናቸው?»

ቢታንያ አያቷን አየች። ፋናዬ በዓይኗ ለመነቻት፤ የእድሜዋን ልመና ሁሉ በአንድ እይታ ለመነቻት።

«እሱ የሙዚቃ ደራሲ ነው፣ እትዬ ራቢያ። መዘምራን ይመራል። እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም።»

«ተይ ባክሽ አትቀልጂ።» ሳቁ ገና ከራቢያ ፊት አልወረደም። «አምና ሆስፒታል ‹ኦፕራሲዮን ይሁን፣ ይውጣ› ሲሉን፣ ‹ቢላ እንዳይነካው› ብለሽ የከለከልሽን አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ? ማን ጠይቆኝ?»

ራቢያ ቀስ ብላ ወደ ፋናዬ ዞረች።

ፋናዬ ያኔ በዚህችው ክፍል፣ በራቢያ ፊት፣ ያልደወለችበትን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ እነግራታለሁ» ብላ ነበር። ክፋት አልነበረባትም። ግዛቸው በእግሩ ሄዶ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ሬሳ ሆኖ በቃሬዛ ወጥቷል፤ ጅብሪልም እንደሱ እንዳይሆን ፈርታ ነው። ፍርሃቷን በራሷ ስም ብትናገር ማን ይሰማታል? በዶክተሯ ስም ተናገረችው።

«እኔማ… ግዛቸው እንደዚያ ሲሆን…» ቃሉ አፏ ውስጥ ተተበተበ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ኦስታፕ ቢታንያን ምን እንደተባለ ጠየቃት። ቢታንያ አልተረጎመችለትም። አያቷንም አላየቻትም፤ የውሃውን ጠርሙስ እንደያዘች ወለሉን ታያለች።

«ራቢያ፣ ነገ ሆስፒታል አብሬያችሁ ልሂድ» አለች ፋናዬ። «እኔው ራሴ ልንገራቸው። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ልንገራቸው። እሺ በይኝ፣ እህቴ።»

ራቢያ ፎጣውን አንስታ በባሏ አንገት ላይ እንዳያመው በቀስታ ጠመጠመችው። ክንዱን ደገፈችና አስነሳችው። ከዚህ ቤት ስትወጣ ደጅ ላይ ቆማ ሌላ ወሬ ሳትጀምር ሄዳ የማታውቀው ራቢያ፣ ባሏን አስቀድማ፣ ደጁን ሳትቆም አልፋ ሄደች።