መነጥር ነው ያልኩት

«‹መነጥር› የሚባል ነገር የለም» አለ የፋብሪካው ንብረት ክፍል ጸሐፊ፣ ቅጹን በመስኮቱ ሥር መልሶ እየገፋ። «‹መነጽር› ነው የሚባለው። አስተካክለሽ ነይ።»

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አልተቀበለችውም። ትናንት ከፋብሪካው ጣሪያ የወደቀ የመብራት ክዳን መነጥሯን ከፊቷ ላይ ጠርጎ ወለሉ ላይ ሰብሮባታል። የተረፋት አንዱ መስታወት ብቻ ነው። እሱን ዓይኗ ላይ ይዛ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጅታ የምትክ መጠየቂያ ቅጹን ራሷ ሞላችው። የማታ ትምህርት ገብታ ፊደል ከለየች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ለእንዲህ ያለው ወረቀት አውራ ጣቷን ነበር ቀለም ውስጥ የምትነክረው።

«ምን ለማለት እንደፈለግሁ ገብቶሃል?»

«መግባቱንማ ገብቶኛል።»

«ከገባህ ማኅተሙን ምታበት። ያለ መነጥር የመርፌው ቀዳዳ አይታየኝም።»

«እናቴ፣ ይሄ መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬ ‹መነጥር› ካልን ነገ ደግሞ ‹ወምበር› ብለሽ ትመጫለሽ።»

ከኋላዋ ከተሰለፉት አንዳንዶቹ ሳቁ። ጸሐፊው የልብ ልብ ተሰማው። ቀጥላ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ግን አልሳቀችም፤ ምንም ያልተጻፈበት ቅጿን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ወሸቀችው።

የልብስ ሰፊዋ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«ስማኝ ልጄ» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «እናቴ መነጥር ነበር የምትለው። ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መነጥር ነበር የሚለው። የዓይን ሐኪሙ ራሱ ‹መነጥርሽን እንዳትረሺ› ነው ያለኝ። አንድም ሰው ‹ምን ማለትሽ ነው?› ብሎኝ አያውቅም። በመጽሐፍ ሌላ ከሆነ ይሁን። እኔ የምናገረውን ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው አላሳልፈውም። ቀጣይ!»

«ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

ጸሐፊው እየተነጫነጨ መዝገቡን ሳበ። በደቃቁ ጽሑፍ ላይ ዓይኑን አጨንቁሮ ቆየ፤ ጠረጴዛውን ዳበሰ፤ ከዚያ ወደ ባልደረባው ዞሮ ጮኸ።

«አንቺ፣ መነጥሬን አይተሻል?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ፤ ባልደረባው እንኳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምንህን?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እንዲህ የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

ጸሐፊው አንገቱ ድረስ ቀላ። እስክሪብቶ አነሳ። «እሺ በቃ፣ እኔው ላስተካክልልሽ።»

መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጫነች። «አንዲት ፊደል እንዳትነካ!»

ጸሐፊው ቅጹ ላይ እንዳለ ማኅተሙን መታበት። አዲሱ መነጥር ሐሙስ ይደርሳል ተባለች።

የምሳው ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፤ ያረፈደን ሠራተኛ አለቃው በሰው ፊት ነው የሚያመናጭቀው። ልብስ ሰፊዋ ወደ ሥራዋ ልትሮጥ ስትል የጽዳት ሠራተኛዋ ተራዋን ትታ ቀስ ብላ ከሰልፉ ስትወጣ አየቻት። ክንዷን ያዘቻት።

«የት ነው?»

«ኧረ ይቅርብኝ እትዬ። ጓንት ልጠይቅ ነበር፤ የወለል ማጠቢያው እጄን ላጠኝ። ግን መጻፍ አልችል… እሱ ደግሞ እንዳየሽው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ቅጹን ወዲህ በይው» አለቻት። «አንቺ እንዳፍሽ ተናገሪ፤ እኔ እጽፋለሁ።»