ለሎዛ የሚሆን ሞላ

«አራት መቶ ሃምሳው! ከዚያ በታች ከሆነ እጄን አላስገባም!»

«እኔ ሲሚንቶ ነኝ እንዴ አባዬ? ሃምሳ አራት ኪሎ እኮ ነው የምመዝነው!»

«ስትወድቂ ግን እንደ ኩንታል ነው የወደቅሽው።»

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ሁዛይፋ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። አባትና ልጅ ባንኮኒው ላይ በተጋደሙት፣ የብስክሌትን ንጥ በሚያበርዱት ሁለት የኋላ ሾኮች የተነሣ መጨቃጨቅ ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት አልፏቸዋል። ሁለቱም ከዱባይ በኮንቴይነር የመጡ፣ ያገለገሉ ናቸው። ሁለቱም ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ሃያ አራት ሳንቲም ስለሆኑ ለልጅቷ ለሎዛ ብስክሌት ልክክ ይላሉ። የሚለያዩት በሞላቸው ነው። የአንዱ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አንድ ጭረት የሌለበት ሲሆን ጎኑ ላይ 450 የሚል ተጽፎበታል። የሌላው ቀለሙ የተላላጠ ቢጫ ነው፤ ቁጥሩም 300። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሞላው ይጠነክራል።

ጭቅጭቁ ለወጉ ያህል አልነበረም። እሑድ ሎዛ ከእንጦጦ ጫፍ ቁልቁል ትወዳደራለች። ባለፈው ዓመት እዚያው ውድድር ላይ የድሮው ሾኳ ዘይቱን ጨርሶ ኖሮ፣ ከአንድ ቋጥኝ ስትወርድ ዝርጥ ብሎ ወርዶ አሽቀነጠራትና የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። አባቷ ጋሽ ጣሰው ድምፁን ከታች ሆነው ሰምተውታል። አብነት ሰፈር ባለችው ጠባብ ጋራዣቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ብስክሌት ሲጠግኑ ብዙ ነገር ሲሰበር ሰምተዋል፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ግን ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለስላሳ ነገር ሁሉ ጠላታቸው ሆነ።

«የጣለሽ ልስላሴ ነው፤» አሉ ጥቁሩን አንሥተው በሁለት እጃቸው እየመዘኑ።

«የጣለኝ የሞተ ሾክ ነው። ለስላሳና የሞተ አንድ ነው እንዴ?»

«ለእኔ አንድ ነው።»

«ጋሼ፣ ዋጋቸው እንደሆነ እኩል ነው፤» አለ ሁዛይፋ። «እኔ ብሆን ግን ጥቁሩን ነው የምወስደው። ያምራል።»

«አየሽ!» አሉ ጋሽ ጣሰው።

«ሁዛይፋ፣ ለመሆኑ ብስክሌት ትነዳለህ?»

«ኧረ ወላሂ ነድቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ዝም በልልኝ፤» አለች ሎዛና ወደ አባቷ ዞረች። «እሺ አባዬ፣ በአፍ ከምንከራከር እንለካው። ኮርቻው ላይ ስቀመጥ ሾኩ በጠቅላላው መውረድ ከሚችለው ሲሶውን መውረድ አለበት። ሰባት ሳንቲም ተኩል ከሆነ ሁለት ተኩሉን። ሕጉ ይሄ ነው።»

ጋሽ ጣሰው ሜትራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ጥቁሩን ሾክ ሎዛ ይዛው በመጣችው ብስክሌቷ ላይ በሁለት ቡሎን አሰሩት፤ ሎዛ ሄልሜቷን አጥልቃ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣችበት። ለኩ። አንድ ሳንቲም ተኩል ቢወርድ ነው።

«አለት ነው!» አሉ ፊታቸው እየፈካ። «ንቅንቅ አላለም እኮ!»

«አለመነቃነቁ ነው ችግሩ! በቃ፣ ደረጃው ላይ እንሞክረው።»

«እንዳትሰብሪብኝ!» አለ ሁዛይፋ።

«ከሰበርኩት ገዛሁት።»

ከሱቁ ጎን ያለው ሕንፃ በጓሮው በኩል ሃያ ያህል ሰፋፊ ደረጃዎች አሉት። ከግርጌው ወርቁ የሚባል ተሸካሚ አምስት የስፖንጅ ፍራሾች አውርዶ ውሃውን ይጠጣል። ሎዛ ብስክሌቷን ተሸክማ ወደ ላይ ስትወጣ የሚያልፈው ሰው አንድ ሁለት እያለ መቆም ጀመረ። ጋሽ ጣሰው ከታች፣ ከመጨረሻው ደረጃ ፊት ለፊት፣ ኳስ እንደሚጠብቅ በረኛ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«አባዬ፣ ተነሥልኝ!»

«አልነሣም!»

ሎዛ ለቀቀችው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የኋላው ጎማ እንደ በቅሎ ተራገጠ፤ ሰባተኛው ላይ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ታች ድረስ አልተመለሰም። ልጅቷ ከተዘረጉት እጆች በአንድ ክንድ ርቀት አልፋ ፍራሾቹ ላይ በደረቷ ተዘረረች። ብስክሌቱ ለብቻው ወርዶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እኅቴ፣ እሱ ደንበኛ አለው!» አለ ወርቁ። «መተኛት ካማረሽ ሌላ አመጣልሻለሁ።»

ሎዛ ፊቷን ስፖንጁ ውስጥ እንደቀበረች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ጣሰው ሮጠው ሲደርሱ ለካ እየሳቀች ነው።

«ሞላው ገና አልጠነከረም ማለት ነው፤» አሉ ትንፋሻቸውን እየዋጡ። «ሁዛይፋ! አምስት መቶ የሚል የለህም?»

ወርቁ ውሃውን አስቀምጦ ሾኩን ጎንበስ ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ ልጅቷ ምን ልትጭንበት ነው?»

«ምን ትጭናለች? ምንም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥንካሬ ለምኑ ነው? እኔ እነዚህን አምስቱን ስሸከም ወገቤን አደርቃለሁ። ባዶዬን ስሄድም እንደዚያ ብሆን፣ ሰዉ ሁሉ ወርቁ ታሟል ነው የሚለኝ።»

የቆመው ሰው ሳቀ። ጋሽ ጣሰው አልሳቁም። ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ በሐሳባቸው መጡባቸው፤ ዳቦ የሚያመላልሰው፣ ዶሮ የሚያንጠለጥለው፣ ከኋላው ሲሊንደር የሚያስረው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ የሚጠይቁት «ስንት ኪሎ ትጭንበታለህ?» የሚል ነበር። መልሱን ሰምተው ለጥንቃቄ ያህል ከላዩ ይጨምሩበታል። ሎዛን ጠይቀዋት አያውቁም። ሳይጠይቋት ግን ፍርሃታቸውን ጭነውባታል።

«ቢጫውን አምጣው፤» አሉ ለሁዛይፋ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ራሳቸው ፈቱት፤ ራሳቸው አሰሩት። ሎዛ ወጣችበት። ለኩ፤ አላመኑም መሰል ደግመው ለኩ።

«ሲሶ፤» አሉ።

እንደገና እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። በዚህኛው ዙር የኋላው ጎማ እያንዳንዱን ደረጃ ጎንበስ እያለ ተቀበለው፤ ከሥር ብስክሌቱ እንዲያ ሲወርድ ሲነሣ የሎዛ ራስ ግን ውሃ የሞላ እንስራ እንደተሸከመች ሴት ቀጥ እንዳለ ነበር። ሃያውንም ወርዳ፣ ከአባቷ ደረት አንድ ስንዝር ሲቀራት ፍሬን ያዘች።

ጓሮው በፉጨት ቀለጠ። ከጓሮው አጠገብ ባለው ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ይቀጠቅጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች መዶሻቸውን እንደያዙ ሊያዩ መጡ።

«ከመጀመሪያውም ቢጫው ይሻላል ብያለሁ!» አለ ሁዛይፋ።

«ጥቁሩ ያምራል ያልከው የማን አፍ ነው?» አለች ሎዛ።

«ስለ መልኩ ነው የተናገርኩት!»

«መልክ ለሚዜ ነው!» አለ ከመዶሻ ያዦቹ አንዱ፤ ክርክሩ በሳቅ እንደ አዲስ ተነሣ።

«አንዴ ድገሚው!» ይላል ሰዉ። ሎዛ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ብስክሌቷን ተሸከመችና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ጋሽ ጣሰው የሾኩን ዋጋ ለሁዛይፋ ከፍለው ሲመለሱ ወርቁ አጠገባቸው መጣ።

«ጋሼ፣ ፍራሾቹ ትንሽ ይቆዩልዎት ወይስ ልሂድባቸው?»

ጋሽ ጣሰው ወደ ደረጃው ጫፍ ቀና አሉ። ሎዛ የሄልሜቷን ማሰሪያ እያጠበቀች፣ ከታች የሚጣራውን ሰው በእጇ ምልክት ወደ ጎን ታስነሣለች።

«ሂድባቸው፤» አሉ።

ወርቁ አምስቱንም በጀርባው አዝሎ ወገቡን አደረቀና ሄደ። እሳቸውም ሜትሩን ጠቅልለው፣ ቁልፎቹን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ ከግርጌው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቋት ከነበረበት ቦታ ተነሡ። ሕዝቡን በትከሻቸው እየከፈሉ ሲወጡ ጎማው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲነካ ከኋላቸው ሰሙ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሰዉ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ስለነበር፣ ቦርሳቸውን አንግተው ወደ አብነት ሲያቀኑ ያያቸው አልነበረም።